ነፋሱ ወደ ባሕር የሚነፍስበት ቀን

ጥር 9 ቀን

ለምወድህ ለእህቴ ልጅ፣ ለደመናው፣

ፈጣሪ ባለህበት ይጠብቅህ። ጤናህን አያጉድልብህ፣ እጅህን አያሳጥርብህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሌላው ደህና ነው።

እዚህ ሰዎች «የእህትሽ ልጅ ሰው አገር ምን ይሠራል?» ሲሉኝ «ነገ ይዘንባል አይዘንብም ይላል» እላቸዋለሁ። «ለዚህም ደመወዝ ይከፈለዋል?» ብለው ይስቃሉ። ይሳቁ። ልጅ ሆነህ ጣሪያ ላይ በጀርባህ ተንጋለህ ደመና ስታይ ስትውል የሳቁብህም፣ ይህን ስም ያወጡልህም እነሱ ናቸው።

ጦርነቱ አራተኛ ዓመቱን ያዘ። የቀዶ ሕክምና ክፍላችን ከሞላ ቆይቷል፤ አሁን ኮሪደሩም አልጋ ሆኗል። የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ነኝ እያልኩ በገዛ ክፍሌ በጎኔ ነው የማልፈው። ትንሽ ብወፍር መንገድ እዘጋለሁ። ፋሻ አጥበን፣ አድርቀን፣ መልሰን እናስራለን። የቃጠሎ ቅባት ካለቀ ቆየ። እናንተ ዘንድ ካለ፣ በወዳጅ አገር ዕርዳታ በኩልም ይሁን በሰው እጅ፣ ፈልገህ ላክልኝ። ለራሴ ምንም አልፈልግም።

ድምቡሼ ወንዙ ዳር ግንባር ላይ ነው ያለው። ብታየው ልጄ መሆኑን አታውቀውም፤ ድምቡሼነቱ ሁሉ ሄዶ ጆሮና አፍንጫ ብቻ ቀርቷል። ለዕረፍት መጥቶ ሁለት ቀን ተኝቶ ሄደ። ሲሄድ በሩ ላይ ቆሞ ጎጆውን፣ ግድግዳውን፣ ወንበሩን እያንዳንዱን አየ። እኔን ግን አላየኝም። አልወደድኩለትም።

አንድ ወሬ ልጠይቅህ። የማደንዘዣ ባለሙያችን ሻይ ክፍል ውስጥ «ወዳጆቻችን ይሄን ጦርነት በአንድ ጠዋት የሚጨርስ ቦምብ አላቸው፤ የኑክሌር ነው፤ ታቅፈውት ተቀምጠዋል» አለ። እውነት ነው? እውነት ከሆነ ምን ይጠብቃሉ?

እንደ እናት የምታስብልህ እቴቴ


የካቲት 2 ቀን

ለእናቴ ምትክ፣ ለእቴቴ፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስሽ። እግርሽን ይማርልኝ፣ ዓይንሽን አያፍዝብኝ። ይህን ደብዳቤ ከአንቺ ቀድሞ ለሚያነበው የሳንሱር ሠራተኛም ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ጽሕፈቴ ካስቸገረው ይቅርታ።

ቅባቱንና ፋሻውን አግኝቻለሁ። ከሕክምና ዕቃ ጋር ይመጣልሽ ዘንድ አንድ ካርቶን አስጭኛለሁ። ለድምቡሼ የሱፍ ሹራብ ጨምሬበታለሁ። ቢሰፋው አንቺ አጥብቢለት።

የሥራ ቦታዬን ቀይረውኛል። ከትንበያ ቢሮው አውጥተው ሌላ ግቢ ወስደውኛል። እዚህ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ስለ ሰማይ ይጠይቁኛል።

(ከዚህ በታች ያለው መስመር በጥቁር ቀለም ተሰርዟል።)

ስለ ማደንዘዣ ባለሙያው ወሬ የማውቀው የለኝም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽና አንቺም እንዲያው በጨዋታ መልሺልኝ። አንድ ሰው «ልጅሽን በሕይወት እመልስልሻለሁ፤ ግን በወዲያኛው ዳር ያለ አንድ ከተማ፣ ከነሆስፒታሉ፣ ከነነርሶቹ ይጠፋል» ቢልሽ ምን ትይው ነበር?

ልጅሽ ደመናው


የካቲት 21 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ይብዛልህ። ካርቶኑ ደርሷል። ቅባቱ በደረሰበት ቀን አለቀ፤ ቢሆንም የተቀባው ሁሉ መርቆሃል።

አሁን ልቆጣህ ነው። ጨዋታ ትለኛለህ? እኔ ጨዋታ የምጫወትበት ጊዜ አለኝ? ሰኞ ዕለት መንጋጋው የተወሰደ ወታደር መጣ። መናገር አይችልም፤ በጣቱ ፊቱን እያሳየ መስተዋት ስጡኝ ይላል። ከክፍሉ መስተዋት ሁሉ ነቅዬ ቢሮዬ ውስጥ ቆለፍኩ። ባዶ ሚስማሩን ግድግዳው ላይ ሲያይ ገባውና ዞሮ ተኛ። ሃያ ዓመት አልሞላውም። እንዲህ ያለው በየቀኑ ይመጣል፤ አንተ ደግሞ «ቢልሽ ምን ትይው ነበር» ትለኛለህ።

ጥያቄህን ግን ሻይ ክፍል ወስጄ፣ ያንተ መሆኑን ሳልናገር፣ መሀላቸው ጣልኩት። የቀዶ ሐኪማችን ቀና አለ። «እኔ እግር የምቆርጠው ሰውየውን ለማትረፍ ነው። ይሄም ያው ነው» አለ።

የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ደግሞ «ዶክተር፣ አንተ የምትቆርጠው የታመመውን ሰው እግር ነው። እነሱ የጎረቤቱን ነው የሚቆርጡት» አለችው።

«ጎረቤቱ አይደለም እንዴ ያቆሰለው?»

«የጎረቤቱ ሕፃን ነው ያቆሰለው?»

ተጯጯሁ። ዶክተሩ ሻዩን ጥሎ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ግን አብረው ቆመው ቀዶ ሕክምና ሠሩ።

እኔን ከጠየቅከኝ፣ ከዶክተሩ ጋር ነኝ። ቦምቡ ካለ ጣሉት በላቸው። ጥለው ይገላግሉን። እነሱም ይገላገሉ። በቀን በቀን ከሚያልቀው ሰው የባሰ ምን ይመጣል? ይሄንን የሚያነበው የሳንሱር ሰውዬም ልጅ ይኖረዋል፤ ይፍረደኝ።

ሌላ ደግሞ የጠላት ምርኮኛ ቁስለኛ አምጥተውብናል። ሁለት እጁ ተቃጥሏል። በር ላይ ጠባቂ አቁመውለታል፤ በሁለት የተጠቀለሉ እጆች ምን እንዳያደርግ እንደሆነ እንጃ። ከሁሉም በኋላ፣ መጨረሻ ላይ አጥበዋለሁ። ቅባት የሚደርሰው ከተረፈ ነው።

እቴቴ


መጋቢት 11 ቀን

ለእቴቴ፣

ፈጣሪ ይሄን ወረቀት ከእጅሽ ያድርሰው። በፖስታ ቤት አልላክሁትም፤ መድኃኒት ጭኖ እናንተ ዘንድ የሚመጣ ሾፌር ካልሲው ውስጥ ከትቶ ያመጣልሻል። ሽታው ከእኔ አይደለም። ካነበብሽ በኋላ አቃጥይው።

ቦምቡ አለ። የማደንዘዣ ባለሙያው አልዋሸም። ይጣል አይጣል የሚለው ሲወሰን ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። የአየር ትንበያው ሰው ስለሆንኩ ከጠረጴዛው ጫፍ አስቀምጠውኝ ነበር።

ስብሰባውን የመራው ጄኔራል ክፉ ሰው አይደለም። እቴቴ፣ ክፉ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ። ወንዙን ለመሻገር የሚያልቀውን ወታደር ቁጥር አነበበና ወረቀቱን አስቀመጠ። «እናቶቻቸው ዘንድ ሄጄ ‹ነበረን፣ ግን አልተጠቀምንበትም› ልበላቸው?» አለ።

ከዚያ ቦምቡን ከሠሩት አንዷ፣ ነጭ ፀጉር ያላት አሮጊት፣ ተነሳች። «ባዶ ደሴት ላይ ጣሉትና ጠላቶቻችን ይዩት። አይተው እምቢ ካሉ ያኔ እንነጋገር» አለች።

«ባይፈነዳስ? የምንጠቀምበት አንድ ነው ያለው» አላት ሌላው።

«ይፈነዳል። እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች። «እኛ ዛሬ ከተማ ላይ ከጣልን፣ ነገ ሌላው ሠርቶ ሲጥል ‹ነውር ነው› የሚለው አፍ የማን ነው?»

የሕግ አማካሪው በጦር ሜዳ ያለና በቤቱ ያለ ሰው አንድ አይደለም አለ። ጄኔራሉ የተከበቡት ከተሞቻችን ውስጥ በረሃብ የሚሞቱትስ በቤታቸው አይደሉም ወይ አለው። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ሲመሽባቸው እጅ አወጡ። የሚጣለው ከተማ ላይ ነው። በጥቂት ድምፅ ብልጫ ነው ያለፈው።

እኔ ድምፅ የለኝም። ከእኔ የሚፈለገው ቀን ብቻ ነው። ሰማዩ ጥርት የሚልበት፣ ነፋሱም መርዘኛውን አቧራ ወደ እኛ ሰዎች ሳይሆን ወደ ባሕር የሚወስድበት ቀን። ይህን ቀን ካልነገርኳቸው አይነሱም። ደመና ነው ካልኳቸው ይጠብቃሉ።

«ጣሉት በላቸው» ብለሽ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው። የምትይውን አስበሽ ነው ያልሽው? አሁን ጨዋታ አይደለም። ቶሎ ጻፊልኝ። ስለ ቦምብ ግን አንድ ቃል አታንሺ።

ደመናው


መጋቢት 25 ቀን

ለልጄ ለደመናው፣

ፈጣሪ ከጎንህ አይለይ። ያልከኝን አድርጌያለሁ፤ አመዱንም በውኃ በጥብጬ ደፍቼዋለሁ። ሾፌሩ ስለተመለሰ ይሄንን በፖስታ ቤት ነው የምልከው።

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። እስቲ ስለ ምርኮኛው ልጀምርልህ።

ዳቦ ጋጋሪ ነው። እናቱ ከተማቸው ውስጥ የውኃ ታንከሩ ሥር ዳቦ ቤት አላት፤ እሱም እዚያው ነው ያደገው። ቋንቋችንን ይችላል፤ ድሮ በሰላሙ ጊዜ ነጋዴዎቻችን እነሱ ዘንድ ያድሩ ነበር። ሁለት ቀን ሳጥበው ጣሪያውን ሲያይ ቆየ። ሦስተኛው ላይ «ሲስተር፣ እጄ ሊጥ ያቦካል?» አለኝ። ከዚህ ሁሉ ነገር የጠየቀው እሱን ነው። «ያቦካል» አልኩት። እውነቱን ለመናገር አላውቅም። ከዚያ ወዲህ መጨረሻ ላይ አላጥበውም፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። ጠባቂውም ሰልችቶት ወንበሩን ወደ ውስጥ አስገብቶ ካርታ ይጫወታሉ። ምርኮኛው ካርታውን በጥርሱ ነው የሚመዘው። ያታልላልም አሉ።

ድምቡሼም ጻፈ። ወንዙን ለመሻገር ቀን ተቆርጦልናል ይላል። ሹራቡን ለጓደኛው ሰጥቶታል። «እማ፣ ብዙ አታስቢ» ብሎ ጨርሷል። ብዙ አታስቢ!

ስለዚህ ስማኝ። ባለፈው በቁጣ ያልኩህን ነገር ሰርዤዋለሁ። እንዳልኩ አትቁጠረው። ለልጄ ፈርቼ ነው ያልኩት፤ አሁንም እፈራለሁ። ቢሆንም አታድርግ። ለድምቡሼ የመጣውን እኔ እናቱ እቀበላለሁ። ሐሳቤን ሳልቀይር ሮጬ ፖስታ ቤት ልስጠው።

ያሳደገችህ እቴቴ


ሚያዝያ 4 ቀን

ለእቴቴ፣

እጠብቅሻለሁ፤ መልስሽ አልመጣም። ዛሬ ጠዋት ጠየቁኝ።

ደመና ነው ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። አሮጊቷ በዓይኗ ትለምነኝ ነበር። ከዚያ ድምቡሼ ውኃው ውስጥ እስከ አንገቱ ገብቶ ታየኝ። የየካቲቱ ደብዳቤሽም ኪሴ ውስጥ ነበር። እውነቱን ነገርኳቸው። የፊታችን ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ነፋሱ ወደ ባሕር ነው አልኳቸው። እውነት ስለሆነ ይሁን ስለፈለግሁት አላውቅም።

ጄኔራሉ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ወጣ።

ይሄን ሾፌሩ ሲያደርስልሽ ሰምተሽዋል።

ደመናው


ሚያዝያ 20 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታ ይድረስህ። ደብዳቤህ ከወሬው በኋላ ነው የደረሰኝ። የእኔስ ያኔ ደርሶህ ነበር? ደርሶህ ከነበረ አትንገረኝ።

ጦርነቱ አበቃ። ሬዲዮኑ ሲናገር ከተማው በሙሉ ወደ መንገድ ወጣ። በሽተኞቼ ትሪ ይደበድቡ ጀመር፤ እግር የሌለው እግር ያለውን ተደግፎ ጨፈረ። ዶክተሩ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ በሯን ዘግታ ተቀመጠች።

ድምቡሼም መጣ! ልጄ በሁለት እግሩ ሄዶ በሩን ገፍቶ ገባ። እንዴት ብዬ ልንገርህ። እያንዳንዱን ጣቱን ዳሰስኩት። ማልቀሴ አላባራ ሲል «እማ፣ ብንሻገር ኖሮ ከእኛ ሻለቃ ሰው አይተርፍም ነበር። ኧረ ተይ፣ አሁን ለማን ነው የምታለቅሽው?» አለኝ።

ያንተን ሥራ ከየት እንደሰሙት አላውቅም፣ ጎረቤቶች ሊያመሰግኑኝ መጡ። ድሮ የሳቁብህ ናቸው። የአገር ሽማግሌዎችም ፎቶህን አሳድገን አዳራሹ ውስጥ እንስቀል ይላሉ። ፎቶ የለኝም አልኳቸው።

ምርኮኛው በሬዲዮ የከተማውን ስም ሰምቷል፤ የእሱው ከተማ ነው። እልልታው ሲበርድ ጠርቶኝ «ሲስተር፣ ሁሉም ነው ወይስ ግማሹ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። መርዙን ሊለካ የሚሄድ ቡድን አለ ይላሉ። አንተ ከሄድክ የውኃ ታንከሩ ሥር ያለውን ዳቦ ቤት ፈልግልኝ። ሌላ ምንም አልለምንህም።

እቴቴ


ግንቦት 17 ቀን

ለእቴቴ፣

አትንገረኝ ብለሻል። እነግርሻለሁ፤ ብቻዬን አልችለውም። የመጋቢቱ ደብዳቤሽ ከቅዳሜው በኋላ ደረሰኝ። «ሰርዤዋለሁ» የሚለው ቃልሽ የሳንሱር ሰዎቹ ሚስጥራዊ ምልክት መስሏቸው ይዘውት ነበር።

ከለኪዎቹ ጋር ሄድኩ። ታንከሩ የለም፤ የብረት እግሮቹ ግን እንደ ሻማ ጎብጠው ቆመዋል። ሥሩ ዳቦ ቤት አልነበረም። ምድጃ የሚመስል የጡብ ክምር ነበር። የምጠይቀው ሰው ፈልጌ ብዙ ሄድኩ። በመጨረሻ ከከተማው ጫፍ ላይ የቤቱን ደጃፍ የሚጠርግ ሽማግሌ አገኘሁ። ቤት የለውም፣ ደጃፉን ነው የሚጠርገው። ስለ ዳቦ ቤቷ ሴትዮ ጠየቅሁት።

«የዚያን ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር» አለኝ። «ስንት ቀን ዝናብ ቆይቶብን ስለነበር ሰው ሁሉ ልብሱን ሊያሰጣ፣ ልጁን ፀሐይ ሊያሞቅ ውጭ ነበር። እሷም ደጅ ነበረች።» ከዚያ መጥረጉን ቀጠለ።

ሌላም አለ። ነፋሱ ወደ ባሕር ነፍሷል፤ አልዋሸሁም። ከሰዓት በኋላ ግን ለጥቂት ሰዓት ዞሮ አቧራውን ይዞ ወደ ወንዙ መጥቷል። ይህን አላየሁትም ነበር። ድምቡሼ የዚያን ቀን የት ነበር? ዘንቦባቸው ነበር? ቀስ ብለሽ ጠይቂው፤ አታስደንግጪው። ደሙን አስመርምሪው።

ደመናው


ሰኔ 6 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ያጽናህ። እኔንም ያጽናኝ።

ድምቡሼን እንዲያው ወጥ እያማሰልኩ እንደ ዘበት ጠየቅሁት። ወንዙ ዳር ነበሩ። «ዘነበብን እንጂ! ጥቁር ዝናብ፣ ቀለም የመሰለ። ወንዙን በጥይት ስለሚጠብቁብን ስንት ጊዜ ውኃ አልነካንም ነበርና ልብሳችንን አውልቀን ታጠብንበት» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ማማሰያውን ጥዬ ጓሮ ወጣሁ። በየሳምንቱ ደሙን እንወስዳለን። ዶክተሩ «እስካሁን ደህና ነው» ይላል። እስካሁን የምትባለዋን ቃል ጠላኋት።

ምርኮኞች ትናንት ተለቀቁ። መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ እያለ የዳቦ ጋጋሪውን እጅ ለመጨረሻ ጊዜ ላስር ተቀመጥኩ። የግራውን ጨርሼ ቀኙን ስጀምር ነገርኩት። ታንከሩን፣ ጡቡን፣ ሽማግሌውን። እናቱ ደጅ እንደነበረች። አላለቀሰም።

«ማን ነው የነገረሽ?»

«የእህቴ ልጅ። እኔ ነኝ ያሳደግሁት።»

«እዚያ ምን ይሠራል?»

ለኪ ነው ማለት እችል ነበር። ውሸትም አይደለም። እጁ እጄ ላይ ነበር፤ ቆዳው ገና አዲስ፣ እንደ ሕፃን ቆዳ ነው። «ቀኑን የመረጠው እሱ ነው» አልኩት።

እጁን ይነጥቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልነጠቀኝም። ፋሻውን ያየው ነበር። በኋላ «ጨርሺው» አለኝ። ጨረስኩት። ልጄ ስላለበት ሁኔታም ነገርኩት፣ ስለ ደብዳቤዎቹም፣ ስለ ቁጣዬም ሁሉ ነገርኩት። መኪናው ጥሩምባ ሲነፋ ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ ስምህን ጠየቀኝ። ደመናው አላልኩትም፤ ሙሉ ስምህን ከነአባትህ ነገርኩት። የምትኖርበትንም ከተማ። ሁለት ጊዜ በአፉ ደጋገመውና ሄደ።

ሊጽፍልህ ይሁን ሊመጣ አላውቅም። ብቻ ስምህን እንደሚያውቅ እወቅ። ከመጣ በርህን ክፈትለት። ተቀምጦ እስኪጨርስ ስማው።

እቴቴ